ጉንጬ ውስጥ ነጭ ነገር ወጥቷል፤ ከጫቱ ነው ከሲጋራው?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የ34 ዓመት ወንድ ነኝ፣ ድሬዳዋ ነው የምኖረው። ጫት መቃም ከጀመርኩ 12 ዓመት ሆኖኛል፤ ሁልጊዜ በግራ ጉንጬ ነው የምይዘው። ሲጋራ በአዘቦት ቀን ሁለት ሦስት ነው፣ በርጫ ላይ ግን ፓኮው ይጋመሳል። አንዳንዴ ማታ ለጨብሲ ቢራ እወስዳለሁ። ከአራት ወር በፊት በግራ ጉንጬ ውስጥ ነጭ ሻካራ ነገር አየሁ። አያመኝም። በብሩሽ ስፈገፍገው ትንሽ ይደማና ተመልሶ ያው ነው። በዚያው በኩል ድዴ ሸሽቶ የጥርሴ ሥር ይታያል። ጓደኞቼ የጫት ጠባሳ ነው፣ ጉንጭ ቀይር ይሉኛል። ከጫቱ ነው ከሲጋራው? አንዱን ባቆም ይበቃል? ካንሰር ይሆን እንዴ?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር። ካንሰር ይሁን አይሁን እኔ እዚህ ሆኜ ልነግርህ አልችልም። አንተም በመስታወት አይተህ አታውቀውም። አፍህን አስከፍቶ ያየ ሐኪም እንኳ ዓይኑን ብቻ አምኖ ሊምልልህ አይገባም። አብዛኛው እንዲህ ያለ ነጭ ሽፋን ካንሰር አይደለም፣ አብዛኛውም ወደ ካንሰር አይለወጥም። ይህን የምልህ ግን እንድትዘናጋ አይደለም። አፍ ውስጥ የወጣ ቁስል ወይም ነጭ ነገር ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ካልጠፋ መታየት አለበት። ያንተ አራት ወር ሞልቶታል።

«አያመኝም» ያልከውን እናጥራው፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ጋ ነው። አፍ ውስጥ በጣም የሚያንገበግቡት ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ ቀላሎቹ ናቸው። በርበሬ ሲነካት እንባ የምታስመጣዋ ትንሽ ክብ ቁስል በሳምንት፣ በአሥር ቀን ራሷ ትድናለች። የአፍ ካንሰር ግን ሲጀምር ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ሕመሙ የሚመጣው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው ሐኪም ቤት የሚደርሰው መዋጥ ሲያቅተው ወይም አንገቱ ላይ እጢ ሲወጣ። ስለዚህ አለማመሙን እንደ ማስረጃ አትቁጠረው።

አሁን ወደ ነጩ ነገር። የጉንጭ ውስጠኛ ሽፋን ስስና እርጥብ ነው። ለሰዓታት ቅጠል ታጭቆበት እየታሸ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ትኩስ ጭስ ሲመጣበት፣ ራሱን ለመከላከል ይወፍራል። መዳፍ መጅ እንደሚያወጣው ማለት ነው፤ አፍ ውስጥ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ግን የወፈረው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ቃሚዎች ላይ የተለመደ ነገር ነው። በሚቅሙበት በኩል፣ በተለይ ጉንጩ ከታችኛው ድድ ጋር በሚገናኝበት ጎድጓዳ ቦታ ይወጣል፤ ሌላኛው ጉንጭ ንጹሕ ሆኖ ታገኘዋለህ። ምክንያቱ መታሸቱ ብቻ ከሆነ ቅጠሉ ሲቀር እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። ችግሩ ምንድን ነው፣ ከሥር ያሉት ሴሎች ጠባያቸውን መለወጥ ጀምረው ቢሆንም ከላይ የሚታየው ያው ነጭ ነው። ዓይን ሁለቱን አይለይም። በፋሻ ሲጠረግ የማይነሳ፣ ሌላ ምክንያትም ያልተገኘለት ነጭ ሽፋን ሉኮፕላኪያ ይባላል። ስሙ ካንሰር ማለት አይደለም፤ ካንሰር ሊከተለው ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ነጭ ነገር ሁሉ አንድ አይደለም። ተጠርጎ የሚነሳና ከሥሩ ቀይ የሚሆን ከሆነ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ ያ መድኃኒት አለው። ጥርሶች በሚገጥሙበት መስመር ልክ ጉንጭ ላይ የሚታየው ቀጭን ነጭ መስመር የብዙ ጤነኛ ሰው ነው። በሁለቱም ጉንጭ እንደ መረብ የተዘረጋ ነጭ ከሆነ ሌላ በሽታ ነው፣ የራሱ ክትትል አለው። ጥርሱን ሲያመው አስፕሪን ድዱ ላይ አስቀምጦ ሽፋኑን ነጭ አድርጎ ያቃጠለ ሰውም ብዙ ነው። ይህን አታድርጉ፤ አስፕሪን የሚሠራው ሲዋጥ ነው።

ከጫቱ ነው ከሲጋራው? ለነጩ ሽፋን ሁለቱም ይጠረጠራሉ። ለካንሰሩ ስጋት ግን እኩል አይደሉም። የሲጋራው ነገር ያለቀለት ነው። ጭሱ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ፣ 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሚጨሰውንም፣ በአፍ የሚያዘውንም ሆነ በአፍንጫ የሚሳበውን ትንባሆ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ከአንደኛው ምድብ አስቀምጧቸዋል። ሱረት የሚስቡ፣ ትንባሆ ከንፈራቸው ሥር የሚያኖሩ፣ የሱዳኑን የአፍ ትንባሆ፣ ቱምባክን፣ የለመዱ ሰዎች «እኔ አላጨስም» ብለው መጽናናት አይችሉም። እንዲያውም ቱምባክ በሚቀመጥባት በዚያች በአንዷ ቦታ ላይ ነው ሽፋኑ የሚበላሸው።

ጫት እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ይህን ስል ደስ የሚለው ቃሚ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን ነገሩን እስከመጨረሻው ስማኝ። ዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሩ ነጻ ነህ ተብሎ ተፈርዶለታል ማለት አይደለም። ቃሚው አብዛኛው አጫሽ ስለሆነ፣ በየመንም በእኛ አገርም የአንዱን ጥፋት ከሌላው ነጥሎ ማየት አስቸጋሪ ሆኖ ነው የቆየው። ጫት ብቻውን ካንሰር ያመጣል ብሎ የሚያስምል ማስረጃ የለም፤ አያመጣም ብሎ የሚያስምልም የለም። የማያጠያይቀው ሌላው ጉዳቱ ነው፦ ሽፋኑን ያወፍራል፣ ድዱን ያሸሻል፣ ጥርሱን ያጠቁራል፣ መንጋጋውን ያደክማል። ቅጠሉ ላይ ፀረ ተባይ ሊኖር ይችላል፤ ሳይታጠብ አፍ ውስጥ ገብቶ ለሰዓታት ሲያዝ የት እንደሚሄድ አስበው።

የበርጫ ከሰዓት አፍህ ላይ ምን እንደሚሠራ ልንገርህ፤ ክፋቱ ሁሉም ተከታትሎ መምጣቱ ነው። ትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ልብህን ያነቃቃል፣ ምራቅህን ደግሞ ያደርቃል። በዚያ ላይ ቅጠሉ ታኒን አለው፣ አፍ ኮምታራ ሆኖ ይጨማደዳል። ምራቅ የአፍ ጠባቂ ነው፤ አሲዱን የሚያለዝበው፣ ቆሻሻውን የሚያጥበው እሱ ነው። ሲደርቅብህ ምን ታደርጋለህ? ለስላሳ ትከፍታለህ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ትጠጣለህ፣ ኦቾሎኒ ትቆረጥማለህ። ስኳሩ በደረቀ አፍ ውስጥ አራት አምስት ሰዓት ሲቆይ ጥርስህን በአንገቱ በኩል ይበላዋል። ከዚያ ምርቃናው ይመጣል፣ ሲጋራው በሲጋራ ይቀጣጠላል። በአዘቦት ቀን ሁለት ሦስት የሚያጨሰው ሰው እዚህ ጋ መቁጠሩን ይተዋል፣ አንተም ራስህ ነግረኸኛል። የደረቀና ሲታሽ የዋለ ሽፋን ላይ ጭሱ ያርፋል። ማታ ደግሞ ጨብሲ። አልኮል የአፍን ሽፋን ያሳስተዋል፣ ከጭሱ የቀረውን ወደ ውስጥ ለማስገባት በር ይከፍታል። ሲጋራና መጠጥ አንድ ላይ ሲሆኑ ጉዳታቸው አይደመርም፤ ይባዛል። በመጨረሻ ምርቃናው ሰውየውን ሲጥለው ጥርሱን ሳይቦርሽ ይተኛል።

«ብቻ ጫት ነው» ወይም «ብቻ ሲጋራ ነው» የሚለው ክርክር ለዚህ ነው ብዙም የማይጥመኝ። ያንተ ጉንጭ ላይ ያረፈው ሙሉው ከሰዓት ነው።

ስለ ድድህ። ቅጠሉ በሚታጨቅበት በኩል ድድ የሚሸሽበት አንዱ ምክንያት በቀጥታ መገፋቱና መታሸቱ ነው። ሌላው የድድ በሽታ ነው፤ እሱን የሚያባብሰው ደግሞ ሲጋራው ነው። ኒኮቲን የደም ሥሮችን ያጠብባል። የታመመ ድድ ሲቦረሽ መድማት ነበረበት፣ የአጫሽ ድድ ግን ብዙም አይደማም። ሰውየው ድዴ ጤነኛ ነው ብሎ ይኖራል፣ ከሥር ጥርሱን የያዘው አጥንት እየተበላ ነው። አንድ ቀን ጥርሱ ሲነቃነቅ ነው የሚደነግጠው። የሸሸ ድድ ራሱ ተመልሶ አያድግም። የሚቻለው የደረቀውን ቆሻሻ ሐኪም ቤት አስጠርጎ እዚያው ላይ እንዲቆም ማድረግ ነው። በአንዳንድ ሰው ላይ ድዱን በቀዶ ሕክምና መሸፈን ይቻላል፣ ለሚያጨስ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይያዝም፣ እኔም ሲጋራ ላላቆመ ሰው አልመክረውም።

ድዳችሁ ጠቆር ያለ መሆኑን አይታችሁ የምትጨነቁ ደግሞ ተረጋጉ። የእኛ ሰው ድድ በተፈጥሮው ጠቆር ይላል፣ የተነቀሰም ብዙ ነው። ሲጋራ ድድን ሊያጠቁር ይችላል፣ ግን ጥቁረት ብቻውን በሽታ አይደለም። የሚያሳስበው አዲስ የወጣ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያለና መጠኑ ወይም ቅርጹ የሚለዋወጥ ጥቁር ነጥብ ነው።

ሁሉን ትተህ በዚያው ሳምንት ሐኪም ጋ መሮጥ ያለብህ መቼ ነው? ነጩ ውስጥ ቀይ ነገር ከተቀላቀለበት (ቀዩ ከነጩ የበለጠ ያሳስበናል)፣ ሲነካ ጠንከር ያለ እብጠት ካለው፣ መሐሉ ከቆሰለና ካልዳነ፣ ከንፈርህ ወይም ምላስህ ከደነዘዘ፣ ጥርስህ ያለ ምክንያት ከተነቃነቀ፣ አፍህን እንደ ድሮው መክፈት ካቃተህ፣ በአንድ በኩል ብቻ ጆሮህን ካመመህ ወይም አንገትህ ላይ የማይጠፋ እጢ ካገኘህ። ቦታውም ለውጥ ያመጣል። የምላስ ጎንና ከምላስ ሥር ያለው ወለል ከጉንጭ የበለጠ አደገኛ ቦታዎች ናቸው። ሰው የማያየውም እነሱን ነው፤ ምላሱን ወደ ላይ አንስቶ መስታወት የሚያይ ስንት አለ?

ሐኪሙ ጋ ስትሄድ የሚሆነው ቀላል ነው። ነጩን በፋሻ ይጠርገዋል፣ ይነሳ እንደሆነ ያያል። ምላስህን በፋሻ ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስቦ ጎኖቹን ያያል። ጉንጭህን በሁለት ጣት ይዞ ይደባብሳል፣ ከመንጋጋህ ሥርና ከአንገትህ እጢ ይፈልጋል። እዚያ አካባቢ የተሰበረና የሚፈገፍግ ጥርስ ካለ ያስተካክለዋል። ይህን ሁሉ ሳያደርግ «ምንም አይደል» ብሎ የሚሸኝህ ከሆነ ሌላ ጋ ሂድ። ብዙ ጊዜ ቦታውን የሚያስቆጣውን ነገር አስቁመን ሁለት ሳምንት ጠብቀን እንደገና እናያለን፤ ካልጠፋ ናሙና እንወስዳለን። ያንተ ግን አራት ወር የቆየ ስለሆነና ስለምታጨስ፣ ሐኪሙ ወዲያው ናሙና እንውሰድ ቢልህ አትቃወም።

ናሙና ሲባል የሚሸሽ ሰው ብዙ ነው። «ቢላ ከነካው ይነሳበታል፣ ይሰራጫል» የሚለው ወሬ አገር ምድሩን ሞልቶታል። ልክ አይደለም። ናሙና መውሰድ ካንሰር አያመጣም። የሚሆነው ማደንዘዣ ተወግተህ ከነጩ ቦታ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቁራጭ ትወሰዳለች፣ አንድ ሁለት ስፌት ይደረግልሃል፣ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ትወጣለህ። ቁራጯ ወደ ፓቶሎጂ፣ ሴሎቿ በማይክሮስኮፕ ወደሚታዩበት ምርመራ፣ ትሄዳለች። ውጤቱ መጅ ብቻ ነው ሊል ይችላል፣ ወይም የሴል ለውጥ አለ ብሎ ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ መሆኑን ይነግርሃል። ቀላል ከሆነ በየጊዜው ክትትል፤ ከባድ ከሆነ ቦታውን ቆርጦ ማውጣት። ገና ለውጥ ላይ እያለ የተያዘ ነገር ሕክምናው ቀላል ነው፣ ወደ ካንሰር ካለፈና አንገት ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ቀዶ ሕክምናውም ጨረሩም ፊትንና አነጋገርን የሚለውጥ ይሆናል። አንድ ሰው ሳያጨስ እንዲህ ያለ ሽፋን ካወጣ ደግሞ ይበልጥ እንጠረጥራለን፤ ስለዚህ የማታጨሱትም «እኔን አይመለከተኝም» አትበሉ።

አንዱን ባቆም ይበቃል ወይ ላልከው፦ ምርጫው አንድ ብቻ ከሆነ ሲጋራው። እዚህ ላይ አልደራደርም። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ በርጫ ላይ ተቀምጠህ፣ ጭስ በሞላበት ክፍል ውስጥ፣ ምርቃናው ሲመጣ ሲጋራ ሳትነካ መነሳት ትችላለህ? የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የምመክርህ ሁለቱንም አሁን ማቆም ነው፤ ቢያንስ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ያ ጉንጭ ቅጠልም ጭስም እንዳያይ። «ለልደት እተዋለሁ፣ ከበዓል በኋላ» የሚባለውን ቀጠሮ ተወው። ጉንጭ መቀየር የሚሉህን ጓደኞችህን ደግሞ አትስማ፤ የምታተርፈው ቀኝህ ላይ ሁለተኛ ነጭ ነገርና ሁለተኛ የሸሸ ድድ ነው። ከሲጋራ ወደ ሺሻ መሄድም መፍትሔ አይደለም። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጣራውም፣ የከሰሉ ጭስ ደግሞ ተጨማሪ ነው፣ አንዱ ቧንቧ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ጀርሙም ይዞራል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሺሻ እኛ አገር የተከለከለ መሆኑን ሁሉም እያወቀ ነው በጓዳ የሚጨሰው።

የማቆሙ ነገር ቀላል ነው አልልህም። ሲጋራው ላይ ሐራራው የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ነው፣ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ እየለዘበ ይሄዳል። ኒኮቲን የሚሰጡ ፕላስተሮችና ማስቲካዎች አሉ። አፍህ ውስጥ ይህ ነጭ ነገር ስላለህ ማስቲካውን ትተህ ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ብታገኝ እመርጥልሃለሁ። ሲጋራ ለማስተው ተብለው የሚታዘዙ ክኒኖችን ግን ጫት እንደምትቅም ለሐኪም ሳትነግር አትጀምር፣ ጫቱ ራሱ ግፊትና የልብ ምት ከፍ ያደርጋል። ጫቱን ስታቆም ድካም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ድብርት፣ ሌሊት ደግሞ ዱካክ፣ ያ የሚያስጨንቀው ቅዠት፣ ይመጣብህ ይሆናል። ያልፋል። የከሰዓቱን ሰዓት በሌላ ነገር ካልሞላኸው ግን እግርህ ራሱ ወደዚያ ክፍል ይወስድሃል፤ ሰውን ወደ ጫቱ የሚጠራው ከምርቃናው እኩል ሰብሰብ ብሎ ማውራቱም ነው።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልንገርህ፣ እንዳትደነግጥ። ሲጋራ ካቆምክ በኋላ ድድህ ሊደማ ይችላል። ተሸፍኖ የነበረው የድድ በሽታ ደሙ ሲመለስ መታየት ጀመረ ማለት ነው፣ ማቆሙ ጎዳኝ ብለህ እንዳትመለስ። አፍህ ውስጥም ትንንሽ የሚያቃጥሉ ቁስሎች ሊወጡ ይችላሉ፤ ባቆሙ ሰዎች ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታይ ነው። እነዚህ ይድናሉ። የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ስጋቱ ግን ባቆምክ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በአንድ ጀምበር ወደ ዜሮ የሚመለስ ነገር አይደለም፣ ለዚህም ነው ነጩ ቢጠፋ እንኳ በየስድስት ወሩ መታየት ያለብህ።

እስከዚያው መፈግፈጉን አቁም። በብሩሽ፣ በጨው፣ በሎሚ፣ በቤኪንግ ሶዳ የወፈረ ሽፋን አይነሳም፤ አቁስለኸው ሐኪሙ የሚያየውን ነገር ታበላሽበታለህ እንጂ። ሎሚው ደግሞ የጥርስህን ውጫዊ ክፍል ያሟሟዋል። ለብ ባለ ውሃ ትንሽ ጨው አድርገህ መጉመጥመጥ ይበቃሃል። ብሩሽህ ለስላሳ ይሁን። መፋቂያ የምትወድ ከሆነ ጫፉን አለስልሰህ ጥርስህን ፋቅበት፣ ከተጋለጠው የጥርስ ሥርና ከነጩ ቦታ ግን አርቀው።

በዚህ ሳምንት የጥርስ ሐኪም ጋ ሂድ፤ እሱ ከተጠራጠረ ወደ አፍና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም እንዲልክህ ጠይቀው። ስንት ዓመት እንደቃምክ፣ በየትኛው ጉንጭ፣ ስንት ሲጋራ፣ መጠጡንም ጨምረህ ሳትቀንስ ንገረው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ የተደበቀ ነገር ሲኖር ግን እንሳሳታለን። ናሙና በሚወሰድበት ቀንና ከዚያ በፊት ባለው ቀን እንዳትቅም። ማደንዘዣው ውስጥ ብዙ ጊዜ አድሬናሊን አለ፣ ከጫቱ ጋር ሲገናኝ ልብህን ሊያስጨንቀው ይችላል። ቅመህ ከሄድክ ደግሞ ተናገር፣ ቀጠሮው ይዘዋወርልሃል። ከተሰፋህ በኋላ ቢያንስ ሦስት ቀን ሲጋራ አፍህ እንዳይደርስ፣ ትኩስ ነገርና በርበሬ የበዛበት ወጥም ለአንድ ሁለት ቀን ይቅርብህ። የፓቶሎጂውን ወረቀት እጅህ ላይ አስቀር፣ ወደፊት ሌላ ሐኪም ቢያይህ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።